ስታርሌት ላይ የቱርቦ ሞተር፦ መጀመሪያ ፍሬኑን

ሰላም ወንድሜ። «1.3 ስታርሌት አለኝ፣ የቱርቦውን ሞተር ባስገጥምበት ያዋጣል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ አስገጥሜ ሦስት ዓመት ነድቼበታለሁ። ሞተሩን ማስገባት ከምታስበው በላይ ቀላል ነው። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

የምትፈልገው 4ኢ-ኤፍቲኢ የሚባለውን ቱርቦ ያለው ሞተር ነው፤ ቱርቦ ማለት በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚያጭቅ ነው። ቶዮታ ስታርሌት ጂቲ ቱርቦ ላይ፣ በኋላም ግላንዛ ቪ ላይ የገጠመው ማለት ነው። ካንተው ነባር ሞተር ከ4ኢ-ኤፍኢ ጋር የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ ቦታው ላይ ልክ ይቀመጣል። የአውሮፓው 1.3 ስታርሌት 75 የፈረስ ጉልበት ነው ያለው፣ ቱርቦው 135። መኪናዋ ደግሞ አንድ ቶን እንኳ አትሞላም።

«ቱርቦ ብቻ ገዝተህ ነባሩ ላይ ግጠም» የሚልህ ካለ አትስማው። የነባሩ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየርና ቤንዚኑን የሚያምቅበት መጠን) 9.6 ለ 1 ነው፣ የቱርቦው ግን 8.2 ለ 1። በነባሩ ላይ አየር ስታጭቅበት ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ ይቀጣጠላል። ጣሳ ውስጥ ጠጠር ሲንኳኳ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ከሰማህ ፒስተኑ እየተጎዳ ነው።

ስትገዛ ሁሉንም አንድ ላይ ግዛ። ካምቢዮውን፣ ወደ ጎማ የሚሄዱትን ዘንጎች፣ ኮምፒውተሩን፣ ሽቦውን፣ ኢንተርኩለሩን (ቱርቦው ያሞቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን)፣ የቤንዚን ፓምፑን። የእኔን ሻርጃ ያለ የአጎቴ ልጅ ነው የላከልኝ። ካምቢዮውን «ያለህ ይበቃሃል» ብለውኝ ተውኩት። በአራተኛው ወር ሦስተኛ ማርሽ ተበላ። ሽቦውም ከቀኝ መሪ መኪና የወጣ ስለነበር ኮምፒውተሩ ጋ አልደረሰም። አንድ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጦ አንድ በአንድ ቀጠለልኝ።

አሁን ወደ ፍሬኑ። ሞተሩ በገባ በመጀመሪያው እሁድ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ እየወረድኩ ነበር። ታናሽ እህቴ አጠገቤ አለች። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፔዳሉ ለስለስ አለ። አራተኛው ላይ ወለሉ ጋ ደረሰ። የተቃጠለ ሽታ መኪናውን ሞላው። ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬን በቀስታ እየሳብኩ ዳር አቆምኳት። እህቴ ምንም አልተናገረችም፣ እጄን ብቻ ይዛ ነበር። በማግስቱ መኪናዋ ጋራዥ ገባች። የጂቲውን አየር የሚያስገባ የፊት ዲስክና ካሊፐር (ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመውን) እስካስገጥም ድረስ አልነዳኋትም። አንተ በቅድሚያ ይህን አድርግ፣ ሞተሩ እንኳ ሳይመጣ።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗንም አትርሳ። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ቱርቦው እዚህ የሚጣፍጠው ለዚህ ነው፣ የጎጃም በር ዳገት ላይ ልዩነቱን ወዲያው ታየዋለህ። ግን የቱርቦው ግፊት መለኪያ ጌጅ 0.65 ባር ቢያሳይህም የሚደመረው እዚሁ ባለው ስስ አየር ላይ ነው። «ትንሽ ልጨምር» ያሰኝሃል። አትጨምር። የዚህ ሞተር ቱርቦ፣ ሲቲ9 የሚባለው፣ ትንሽ ነው። ከልኩ በላይ ስታሽከረክረው የሚሰጥህ ሙቀት ነው፣ ግፊቱ ሲያልፍ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ቤንዚን ይቆርጥብሃል።

ሙቀት ካልኩ አይቀር፣ ተራ ውሃ እዚህ ከተማ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተር ክዳኑ ግፊት የሚይዝ አዲስ ይሁን፣ ኩላንትም ተጠቀም። የእኔ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የዳነው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ዳገት ወጥተህ ስትደርስም ሞተሩን ወዲያው አታጥፋ፣ ዘይቱ ቱርቦውን እስኪያቀዘቅዘው አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ።

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ፦ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬህ ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ ቦሎ ስታወጣ ትቸገራለህ። ሞተሩ የገባበትን የጉምሩክ ወረቀት ሳታይ ገንዘብ አትክፈል።

ሻጭ ካገኘህ የካምቢዮው ሞዴል ሲ52 ወይስ ሲ56 እንደሆነ ጠይቀውና የሞተሩን ፎቶ እዚህ ለጥፍልኝ። ቀብድ ከመስጠትህ በፊት አብረን እናየዋለን።