«ተደጋጋሚ ሥራ አይሰለችህም?» ሲሉን ምን እንበል?

ብዙ ዓመት ሠራተኛ ስቀጥር ጠያቂው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ተራው የእናንተ ነው፤ ስለ ሥራ ኢንተርቪው የጠየቃችሁኝን እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ለዳታ ኢንትሪ (መረጃ ኮምፒውተር ላይ የማስገባት) ሥራ ኢንተርቪው ላይ «ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ሥራ አይከብድህም?» አሉኝ። «በፍጹም፣ እወደዋለሁ» አልኩ። አልጠሩኝም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ያልጠሩህ በሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል። መልስህ ግን ባዶ ነው፤ «እወደዋለሁ» የማይል የለም። ጠያቂውን የሚያሳስበው ሌላ ነው። ሦስት መቶኛውን ፎርም እንደ መጀመሪያው ተጠንቅቀህ ትሞላለህ ወይ? በሦስተኛው ወር ጥለኸው ትሄዳለህ ወይ? ስለዚህ ስሜትህን ተወውና አሠራርህን ንገረው።

ለምሳሌ እንዲህ፦ «ደረሰኞቹን ሃምሳ ሃምሳ አድርጌ እከፍላለሁ። ሃምሳው ሲያልቅ የወረቀቱን ድምር ከኮምፒውተሩ ድምር ጋር አስተያያለሁ። ካልገጠመ የምፈልገው እዚያው ሃምሳ ውስጥ ነው።» ይህን የሚል ሰው ሥራውን ነክቶታል። ያላደረግከውን ግን እንዳትል። እኔ ብሆን ወዲያው «ድምሩ ባይገጥም መጀመሪያ ምን ታያለህ?» እልሃለሁ። የሠራበት ሰው ልዩነቱ ለ9 ይካፈል እንደሆነ ያያል፤ ከተካፈለ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል፤ 45 ለማለት 54 እንደ መጻፍ። ያልሠራበት ጣራ ጣራውን ያያል።

ጥያቄ፦ እውነቱን ለመናገር እኔን ይሰለቸኛል። ልዋሽ?

መልስ፦ አትዋሺ፣ ያስታውቃል። ደግሞም ብቻሽን አይደለሽም። ኖርማን ማክዎርዝ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎችን ሰዓት በሚመስል መሣሪያ ፊት ለ2 ሰዓት አስቀምጦ አንድ አንድ እርምጃ የምትዘለው ቀስት አልፎ አልፎ በአንዴ ሁለት ስትዘል እንዲያመለክቱ አደረገ። ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ የሚያመልጣቸው በዛ። «ሲሰለቸኝ ይታወቀኛል። ያኔ ለአምስት ደቂቃ ተነስቼ እመለሳለሁ፤ ስመለስም የመጨረሻዎቹን አሥር እንደገና አያለሁ» በይ። «ይሰለቸኛል» ብለሽ ዝም ካልሽ ግን አበቃ።

ጥያቄ፦ የሥራ ልምድ የለኝም፣ ገና መመረቄ ነው።

መልስ፦ ለመመረቂያ ጽሑፍህ መጠይቅ በትነህ መልሶቹን ኤክሴል ላይ አላስገባህም? በቃ፣ እሱን ተናገር። ስንት እንደነበሩና ስህተት ስታገኝ ምን እንዳደረግህ ጨምርበት።

ጥያቄ፦ «ሥራውን የማቀልበት ሐሳብ አለኝ» ብል ያስከፋቸዋል?

መልስ፦ እንደ አነጋገርህ ነው። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ ትርፍ ነው ብዬ አንድ ማረጋገጫ ፊርማ አስቀረሁ። ለካ ድርብ ክፍያ ይያዝ የነበረው በእሱ ነው! ወሩ ሲዘጋ የደረሰብኝን አልነግርህም። አንተ «መጀመሪያ ሥራው ለምን እንዲህ እንደሚሠራ እማራለሁ፤ ከዚያ ሐሳቤን ለአለቃዬ አቀርባለሁ» ብትል ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉኝ ዝም እላለሁ።

መልስ፦ «በቀን ስንት ፎርም ይሠራል? ስህተት ሲገኝስ ምን ይደረጋል?» በያቸው። ለሁለተኛው እርስ በርስ ከተያዩ፣ ስህተቱ ሁሉ አንቺ ላይ የሚለጠፍበት ቤት ሊሆን ይችላል፤ ከመፈረምሽ በፊት አስቢበት።