የሟች አደራ፦ ለምርምር ገንዘብ ለምታመለክቱ ወጣቶች

ልጆቼ፣

በአንድ የምሁራን ማኅበር ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ አመልካች ነበርኩ፤ ያውም ደጋግሞ የተጣለ አመልካች። ከዚያ ገምጋሚ ሆንኩ፣ ከዚያ ጸሐፊ፣ በመጨረሻም ገንዘብ ያዥ። ገንዘብ ያዥነትን የሚሻማበት የለም። እኔም የተመረጥኩት ከስብሰባው በቀረሁበት ቀን ነው። ግን ከሁሉም ወንበር ያስተማረኝ እሱ ነው።

ያስተማረኝም አንድ ነገር ነው። ኮሚቴው የሚያድለው ገንዘብ የኮሚቴው አይደለም። አደራ ነው። ብዙ ጊዜም የሟች አደራ።

በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ይህ አልገባኝም ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ጥቂት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ደስ ያላቸውን የሚመርጡ፣ ያልጣማቸውን የሚጥሉ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ የምጽፈው እነሱን ለማስደሰት ነበር። ትልልቅ ቃላት እደረድራለሁ፤ የገምጋሚዎቹን ጽሑፍ እየፈለግኩ እጠቅሳለሁ። አንድ ጊዜ ለፌሎሺፕ፣ ለተመራማሪው ለራሱ ለሚሰጥ ድጋፍ፣ ሦስት ወር ሙሉ ደክሜ አመለከትኩ። መልሱ ሁለት መስመር ነበር። ፌሎሺፑ ዶክትሬታቸውን ካገኙ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ነው፤ እርስዎን አልፎዎታል፣ ይላል። ያለፈኝ በአራት ወር ነበር። በአራት ወር እንዲህ ይደረጋል እንዴ ብዬ ለዓመታት አኮረፍኩ።

በኋላ ገንዘብ ያዥ ስሆን የዚያው ፈንድ ማኅደር እጄ ገባ። አምስት ዓመት የሚለውን ያወጣው ኮሚቴው አልነበረም። ገንዘቡን የተናዘዙት አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ትምህርቱን በጨረሰ በሦስተኛው ዓመት፣ ገና ቋሚ ሥራ ሳይዝ ሞቶባቸዋል። ገንዘቡ በዚያ ክፉ ጊዜ ውስጥ ላሉ ሰዎች ይሁን ብለው በእጃቸው ጽፈዋል። እኔ ያኔ ቋሚ ሥራ ነበረኝ። ኩርፊያዬ እዚያው በነነ።

እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ አይደለም። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ አትደናገሩ። አሜሪካዊው ሳይመን ጉገንሃይምና ባለቤቱ በ1922 ወጣት ልጃቸው ሞተባቸው። ዛሬ ስንቱ የሚመኘው የጉገንሃይም ፌሎሺፕ የተመሠረተው በዚያ ልጅ መታሰቢያነት ነው፤ በ1925። ከብዙ ሽልማት ስም ጀርባ የአንድ ሰው ኀዘን አለ።

ስለዚህ ማስታወቂያውን ብቻ አታንብቡ። የፈንዱን ደንብ ጠይቁ፣ ካልተለጠፈ ለጸሐፊው ጻፉ። ገንዘቡ ለምን ዓላማ ተሰጠ? ለማን? ዋናው ገንዘብ ይነካል ወይስ ትርፉ ብቻ ነው የሚወጣው? ብቁ ሰው ከጠፋ ምን ይደረጋል? ይህን የሚጠይቅ አመልካች እምብዛም አላጋጠመኝም። የጠየቁት ደግሞ ማመልከቻቸው ያስታውቃል።

ሌላው ስሕተት ሦስቱን ከረጢቶች መደባለቅ ነው። የምርምር ግራንት ገና ላልተሠራ ሥራ ነው። ፌሎሺፕ ለሰው ነው፤ ጊዜና ፋታ ይገዛል። ሽልማት ላለቀ ሥራ ነው። ግራንት ሲጠይቅ ያለፈ ገድሉን የሚተርክ አለ። እኛ የምንፈልገው በስድስተኛው ወር መሣሪያው ቢበላሽ ምን እንደሚያደርግ ነው። ፌሎሺፕ ሲጠይቅ ደግሞ ስለ መሣሪያው አሥር ገጽ ጽፎ ስለ ራሱ ሦስት መስመር የሚልክ አለ። እሱን ደንቡ ሳይሆን ይሉኝታ ነው የጣለው።

ከሽልማት ደንቦች ሁሉ የምወደው የጀርመናዊውን ፓውል ቮልፍስኬልን ነው። በ1906 ሲሞት ለዘመናት ሳይፈታ የቆየውን የሒሳብ ጥያቄ፣ የፌርማን የመጨረሻ ቴዎረም፣ ለሚፈታ ሰው 100 ሺህ ማርክ ተናዞ ነበር። የጎቲንገን የሳይንስ ማኅበር ውድድሩን በ1908 አወጀ። መፍትሔው መታተም አለበት፤ ከታተመ በኋላም ቢያንስ ሁለት ዓመት ይጠበቃል። የውድድሩ ማብቂያ ደግሞ 2007። መቶ ዓመት የሚጠብቅ ቀጠሮ እዩ! በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 621 መፍትሔ ጎረፈ፤ ትክክል የሆነ አልነበረም። እያንዳንዱን አንብቦ መልስ የሚጽፍ ሰው ግን ያስፈልግ ነበር። እኔ ሁልጊዜ የማስበው እሱን ነው።

ከዚያ የ1920ዎቹ የዋጋ ንረት መጣና አብዛኛውን ገንዘብ በላው። ቴዎረሙን በመጨረሻ የፈታው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሩ ዋይልስ በ1997 ሽልማቱን ሲቀበል የደረሰው 75 ሺህ ማርክ ነበር። ቁጥሩ ያን ያህል አልወረደም ትሉ ይሆናል። ማርኩ ግን ያ ማርክ አይደለም።

ይኸው ዋይልስ በሒሳብ ከታላላቆቹ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የፊልድስን ሜዳልያ አላገኘም። ሜዳልያው 40 ዓመት ላለፈው ሰው አይሰጥም። የሒሳብ ሊቃውንቱ በ1998 ለእሱ ብቻ አንድ የብር ሰሌዳ አዘጋጅተው ሰጡት። ደንባቸውን አልጣሱም፤ ሌላ መንገድ ፈለጉ። የእኔን አራት ወር ሳስብ ይህ ታሪክ ያጽናናኛል። ዋይልስ ሆኜ አይደለም እንግዲህ።

የዋጋ ንረት ለገንዘብ ያዥ እንደ ምስጥ ነው። ሳይሰማ ይበላል። የኖቤል ሽልማት በ1901 ሲጀመር እያንዳንዱ 150,782 የስዊድን ክሮና ነበር። በ1923 ወደ 114,935 ወርዶ ተገኘ፤ የክሮናው የመግዛት አቅምም አብሮ ወርዷል። ኖቤል ገንዘቡ አስተማማኝ ነገር ላይ ይዋል ብሎ ስለተናዘዘ ለረጅም ጊዜ ቦንድና ብድር ላይ ብቻ ተቀመጠ። ፋውንዴሽኑ አክሲዮን እንዲገዛ የተፈቀደለት በ1953 ነው። ጥንቃቄ ራሱ አደራ የሚያስበላበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

በእኛም ማኅበር አንድ የመታሰቢያ ሽልማት ነበር። እኔ ስረከበው ሜዳልያውን ማሠሪያው ከሽልማቱ ገንዘብ በልጦ ነበር። ሁለት ዓመት ሽልማቱ እንዳይሰጥ፣ ትርፉም ወደ ዋናው ገንዘብ እንዲመለስ ሐሳብ አቀረብኩ። ደንቡ ይፈቅዳል። ኖቤልም ቢሆን ብቁ ሰው ካልተገኘ ለከርሞ ያቆያል፤ የአይንስታይን የ1921 ሽልማት የተሰጠው በ1922 ነው። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ግን አንድ ወጣት ተነሥቶ አደራ በላ አለኝ። ፊት ለፊት። ሒሳቡን በመስመር በመስመር አነበብኩለት። አላመነኝም መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ የፈንዱን ሒሳብ በየዓመቱ ለአባላት ሁሉ እንልካለን። ልጁ ተሳስቶ ነበር፤ ጥያቄው ግን ልክ ነበር። እናንተም ጠይቁ።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ።

አንድ ዓመት የቀድሞ ተማሪዬ ከአመልካቾቹ አንዱ ነበር። የጥቅም ግጭት ቅጹን ሞላሁ፤ ነጥብ አልሰጥም አልኩ። ከክፍሉ ግን አልወጣሁም። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ስሙ ሲነሣ ሁሉም ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ፤ ማንም ክፉ ቃል አልተነፈሰም። ተማሪዬ አሸነፈ። ስንወጣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጎን ለጎን እየሄደች፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሳይናገሩ ብዙ ተናገሩ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

እሷ የተናገረችው በጥናት ጭምር የታየ ነው። ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች፣ ክሪስቲን ቬነሮስና አግነስ ቮልድ፣ በ1997 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። የአገራቸው የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1995 የፌሎሺፕ አመልካቾችን እንዴት እንደመዘነ መረመሩ። 114 አመልካቾች ነበሩ፤ ያለፉት 20። ሴቶች እኩል ነጥብ ለማግኘት ከወንዶቹ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ውጤታማ መሆን ነበረባቸው። ይህን ብዙዎች ያውቁታል። ሁለተኛው ግኝት ግን ይረሳል። ከገምጋሚ ጋር ቅርበት ያለው አመልካች ተጨማሪ ነጥብ ያገኝ ነበር፤ ቅርቡ የሆነው ሰው ነጥብ ባይሰጥም እንኳ። ሌሎቹ በይሉኝታ ያካክሱለት ነበር። በነገራችን ላይ ሁለቱ ተመራማሪዎች የነጥብ ሰነዱን ያገኙት ሕግ ፊት ተከራክረው ነው።

እኔ በቀጣዩ ዓመት ደንቡ እንዲቀየር ጠየቅኩ። የጥቅም ግጭት አለብኝ ያለ ሰው ከክፍሉ ይወጣል፣ የወጣበትና የተመለሰበት ሰዓትም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። አንዳንድ ነባር አባላት ሌባ አደረግከን ብለው ተቀየሙኝ። እናንተም አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ። ውጡ። ቡና ጠጡ፣ ስልክ ደውሉ፣ ብቻ ውጡ።

ዝም አለማለት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። በ1903 ከፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ለፊዚክስ ኖቤል በተላከ የጥቆማ ደብዳቤ ላይ የማሪ ኩሪ ስም አልነበረም። የባሏ የፒየርና የሌላው የፊዚክስ ሊቅ የቤክሬል ብቻ ነበር። የስዊድኑ የሒሳብ ሊቅ ሚታግ ሌፍለር ነገሩን ለፒየር ጻፈለት፤ ፒየርም የሚስቱ ሥራ አብሮ እንዲታይ መለሰ። በ1902 ማሪን የጠቆመ ሰው ስለነበር ደንቡ መግቢያ ቀዳዳ ሰጠ። ሽልማቱ ለሦስቱም ሆነ። ጎበዝ ጓደኛችሁ ሲዘለል ካያችሁ ጠቁሙ፤ ብዙ የመታሰቢያ ሽልማት ጠቋሚ አጥቶ በየዓመቱ እነዚያው ሦስት አራት ስሞች ይዞሩበታል።

ስለ መጣል ብዙ አልልም። አንድ ነገር ብቻ እወቁ። አሥር ቦታ ኖሮ መቶ ሰው ሲያመለክት፣ የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ለመለየት ብዙም አንጨቃጨቅም። መጨረሻ ላይ ያሉትንም እንዲሁ። ከስድስተኛው እስከ ሃያ አምስተኛው ያሉት ግን ልዩነታቸው የነጥብ ሽራፊ ነው። ምሳ ሰዓት ደርሶ የተወሰነ ውሳኔ አይቻለሁ። የብሪታኒያ አካዳሚ ለአነስተኛ ግራንቶቹ ከ2022 ጀምሮ መስፈርቱን ካለፉት መካከል በዕጣ መለየት የጀመረው ይህንኑ አምኖ ነው። መጀመሪያ ስሰማ ሳቅኩ። አሁን አልስቅም። ዕጣ ቢያንስ ተማሪ የለውም።

ብትጣሉ የገምጋሚውን አስተያየት ጠይቁ፣ ሁለት ቀን አሳልፉና አንብቡት። ሁለት ገምጋሚዎች አንድ ቦታ ላይ ከተሰናከሉ ጉድለቱ እዚያ አለ። እርስ በርሳቸው ከተቃረኑ ለከርሞ እዚያው ላኩት።

ስታገኙስ? ስታገኙ ነው ብዙው ሰው የሚጠፋው። የመጀመሪያው ክፍያ ሲገባ የምስጋና ኢሜይል ይመጣል። ሪፖርት ሲጠየቅ ዝምታ። ውጤቱ ስላላማረ አፍሮ የሚደበቅ አለ። እነ ፖይንካሬም፣ ትልቁ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ፣ ተሳስተዋል እኮ። በ1889 የስዊድኑ ንጉሥ ዳግማዊ ኦስካር ባዘጋጁት ውድድር አሸነፈ፤ ለኅትመት ሲዘጋጅ ግን ሥራው ውስጥ ከባድ ስሕተት ተገኘ። የታተመው ተሰብስቦ እንደገና ሲታተም ወጪውን የከፈለው ራሱ ነው፤ ከ3,500 ክሮና በላይ። ሽልማቱ 2,500 ነበር። ኬዮስ ለሚባለው የሒሳብ ዘርፍ መነሻ የሆነው ያ የታረመ ጽሑፍ ነው።

ከአሥር ዓመት በፊት ከእኛ ግራንት ያገኘች አንዲት ወጣት ነበረች። በአሥራ አንደኛው ወር አንድ ገጽ ደብዳቤ ላከች። ሙከራው አልሠራም፣ ለምን እንዳልሠራ ይኸው፣ ይህን ሌላ ሰው እንዳይደግመው፣ የተረፈው ገንዘብ ይኸው ተመልሷል፣ ትላለች። ደረሰኞቹ በቀን ቅደም ተከተል ተያይዘዋል። በሥራ ዘመኔ ሳይጠየቅ ገንዘብ ሲመለስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ባንኩ ራሱ ግራ ገብቶት ደወለልኝ። ግራንቱ የሚከፈለው ከዚያች እናት ፈንድ ትርፍ ነበር። ማኅደሩን ለተተኪዬ ሳስረክብ የልጅቱን ደብዳቤ ከኑዛዜው ቀጥሎ፣ ሁለተኛ ገጽ ላይ አያይዤዋለሁ።