ልጄ ድመቷን «ጫት» ብላ አነበበቻት

ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ።

የምኖረው አዳማ ነው። ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ዳቦ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ለስላሳ እሸጣለሁ። 6 ዓመቷን የያዘች ልጅ አለችኝ፣ ዩኬጂ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባንኮኒው ጀርባ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ጭቅጭቃችንም እዚያው ነው።

ከ3 ዓመቷ ጀምሮ ኤቢሲዲን በዘፈን አስተምሬያታለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ያጨበጭብላት ነበር። ዘንድሮ ግን መምህሯ «ፎኒክስ፣ ማለትም ፊደልን በድምጹ ማንበብ፣ ነው የምናስተምረው፣ አጫጭር አናባቢዎች ላይ ደርሰናል» ብላ በየቀኑ 10 ቃል ትልካለች። እያንዳንዱን 5 ጊዜ ጻፊ፣ ከዚያ አንብቢ ነው ሥራው። እኔ የተማርኩት እስከ 10ኛ ክፍል ነው፤ አጭር አናባቢ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ቶሎ ማለት መስሎኝ «ቶሎ በይው!» እያልኩ ሳስሮጣት ከረምኩ።

ውጤቱን ልንገርዎት። ቤድን «ቢድ» ትላለች። ፒግን «ፓይግ»። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የድመት ሥዕል ያለበት ገጽ ላይ ደረስን። ሲ፣ ኤ፣ ቲ ብላ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራች፤ ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ጫት!» አለች። ዳቦ ሊገዛ የቆመ የባጃጅ ሹፌር «እንዴ፣ ጫትም ጀመራችሁ?» ብሎ የቆመውን ሰው ሁሉ አሳቀው። ልጄ አፈረች። እኔ ደግሞ ተናደድኩና በማስመሪያ እጇን መታኋት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ከየቃሉ በላይ በእርሳስ በአማርኛ እጽፍላታለሁ። እሱን እያየች ታነባለች፤ ሳጠፋው ግን ምንም የለም። አማርኛውን ጥሩ ታነባለች፣ አፋን ኦሮሞም ቁቤውን፣ በላቲን ፊደል የሚጻፍበትን፣ ከትልቅ ወንድሟ ስር ስር እያለች ለምዳለች። እንግሊዝኛው ላይ ብቻ ነው የምትቆመው። ትናንት ደብተሯ ጠፋ። ስፈልግ ስፈልግ ከለስላሳ ሳጥን ስር አገኘሁት። ደብቃው ነው።

አስጠኚ ልቅጠርላት? ብሩን ከየት እንደማመጣው ግን አላውቅም።

የሱቋ እናት፣ ከአዳማ

መልስ

እህቴ፣

ልጅሽ ድመቷን ጫት ያለቻት ማንበብ ስላቃታት አይደለም። ስላነበበች ነው። ቁቤ ለምዳለች ብለሽኝ የለ? በቁቤ ሲ የምንላት ፊደል «ጭ» ነች። ኤ የምንላት አንድ ብቻዋን ስትጻፍ አጭር «አ» ነች። ቲ ያው «ት» ነች። እስቲ አንቺው ገጣጥሚው። ልጅቷ በትክክል ነው ያነበበችው፤ የሳተችው ቋንቋውን ብቻ ነው። ይህን ስልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እኔም ሳስተምር በነበርኩበት ጊዜ እንዲህ ያለውን ስንቱን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዣለሁ። ይልቅ ዛሬ ማታ «ልክ ነበርሽ፣ እኔ አልገባኝም ነበር» በያት። ከየትኛውም ጨዋታ በፊት ይሄ ይቅደም።

ቢድና ፓይግም ከየት እንደመጡ ግልጽ ነው። ከዘፈኑ ነው የመጡት። ዘፈኑ የፊደሉን ስም ነው የሚያስተምረው፣ ድምጹን አይደለም። ኢ ብለን የምንጠራት ፊደል ቤድ ውስጥ ስትገባ «ኤ» ትላለች። ኤ ብለን የምንጠራት ደግሞ ወደ «አ» ትሄዳለች። አይ የምንላት ፒግ ውስጥ «ኢ» ትሆናለች። ወንበር የተለዋወጡ ነው የሚመስሉት! ዘፈኑን አጥርታ የያዘች ልጅ ቢድ ብትል ምን ይገርማል? ለጊዜው ዘፈኑን አሳርፉት፤ ፊደል ስታሳዪያት ስሟን ሳይሆን ድምጿን በይ።

አጭር ማለት ደግሞ ቶሎ ማለት አይደለም። በአፋን ኦሮሞ አዎ፣ ነገሩ የርዝመት ነው፤ ለፋ መሬት ነው፣ ላፋ ለስላሳ ነው፣ ሲጻፍም ረጅሙ ፊደሉ ይደገማል። እንግሊዝኛ ግን 5 አናባቢ ፊደል ብቻ ይዞ 20 ገደማ ድምጽ ይጽፍባቸዋል። አጭር የሚሏቸው 5ቱ የየራሳቸው ድምጽ ያላቸው ናቸው። ብታስሮጫት አይመጡም።

አሁን ደስ ወደሚለው ልምጣ። ሃሁን የምታውቅ ልጅ ባዶ እጇን አይደለችም። ለተነባቢዎቹ ሳድሱን ተጠቀሚ፦ ቲ «ት»፣ ፒ «ፕ»፣ ኤስ «ስ»። ተ ወይም ታ ካልሽ ትርፍ አናባቢ ይገባና ቃሉ አይገጣጠምም። አናባቢዎቹንም በሃሁ ቤት ፈልጊያቸው። የከፕ፣ የኩባያው፣ አናባቢ ግዕዙ ነው፣ «በላ» ስትይ በ ላይ የምትሰሚው። የቤድ ኃምሱ ነው። የዶግ ሳብዑ ነው፣ አፍ ትንሽ ከፈት ብሎ። የፒግ ሣልሱ ነው፣ ግን ላላ ብሎ ወደ ሳድስ ጠጋ ይላል። አስቸጋሪዋ የካት፣ የድመቷ፣ ናት። ለእሷ ቤት የለንም፤ በራብዕና በኃምስ መሃል ነች። ለዚህ ነው ትልልቅ ሰዎች እንኳ «መጥፎ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃልና «አልጋ» የሚለውን አንድ አድርገን የምንጠራው። እነዚህን ሁለት ድምጾች በአንድ ሳምንት አታስተምሪያት። በመሃላቸው ሌላ ድምጽ አስገቢ።

ለዚህ አንድ ነገር ሞክሪ። መስታወት ፊት ቁሙና መዳፏን አገጯ ስር ታድርግ። ኢ ስትል አገጩ እምብዛም አይወርድም። ኤ ስትል እጇን ትንሽ ይገፋዋል። የካትን ድምጽ ስትል ይበልጥ ይወርዳል። ጆሮዋ ያልለየውን እጇ ይለይላታል። አንቺም አብረሽ አድርጊ፤ አንድ ሳቅ ታተርፋላችሁ።

ብዙ የፎኒክስ መጻሕፍት የሚጀምሩት በስድስት ፊደሎች ነው፦ ኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ አይ፣ ፒ፣ ኤን። ከእነዚህ ብቻ ብዙ ቃል ይወጣል፤ መቀመጥ፣ መርፌ ቁልፍ፣ የውሃ ቧንቧ፣ መጥበሻ። ለአንቺ ልጅ ደግሞ ሌላ ጥቅም አላቸው፤ ከቁቤው ጋር እምብዛም አይጣሉም። ሲን፣ ኪውን፣ ኤክስን ለኋላ አቆዪያቸው። በቁቤ ጭ፣ ቅ እና ጥ ናቸው፣ መጋጨታቸው አይቀርም።

የሱቁ ወለል ላይ በጠመኔ ጎን ለጎን 3 ሳጥን ሥሪ። 3 ቆርኪ ስጫት፤ ሱቅሽ ውስጥ ቆርኪ አይጠፋም መቼም። «ሲት» በያት፣ ቀስ ብለሽ። ስ ስትል አንዱን ቆርኪ ትግፋ፣ ኢ ስትል ሁለተኛውን፣ ት ስትል ሦስተኛውን። የመሃሉ ቆርኪ ቀለሙ የተለየ ይሁን፤ አናባቢው እሱ ነው። ከዚያ «ሲት» የነበረውን «ሳት» በይና የትኛው ቆርኪ እንደተለወጠ ጠይቂያት። ጫፍና ጫፉ ያው ነው፣ የተለወጠው የመሃሉ ብቻ ነው። ይህ በጆሮዋ የገባ ቀን አጭር አናባቢ ገባት ማለት ነው። ኃምሱን ስትጨምሪ «ሴት» ይመጣል። ትስቃለች፤ ትሳቅ።

ደጅ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወቱ የለ? በየቤቱ 5ቱን አናባቢ ጻፉበት። አንቺ ባንኮኒው ላይ ሆነሽ «በስ!» ትያለሽ፣ እሷ በአንድ እግሯ ዩ ላይ ትዘላለች። «ቦክስ!» ስትይ ኦ ላይ። የሰፈር ልጆችም ይግቡ። ደንበኛ ሲመጣ ጨዋታው አይቋረጥም፣ እነሱ እርስ በእርስ ይጠራራሉ። ሌላ ቀን ደግሞ ከመደርደሪያው ዕቃ ታምጣልሽ፤ መሃሉ ላይ ኤ የሚል ድምጽ ያለው ስትያት ፔን፣ ኢ የሚል ድምጽ ያለው ስትያት ሚልክ። ካፕና ከፕን፣ ባርኔጣና ኩባያውን፣ ጎን ለጎን አስቀምጪና አንዱን ጥሪ። ካ እና ከን በአማርኛ ለይታ የምታውቅ ልጅ እዚህ ላይ ብዙም አትቸገርም።

10 ደቂቃ ይበቃል። ገና «አንድ ጊዜ ብቻ!» እያለች አቁሙ።

በእርሳስ የጻፍሽላትን አማርኛ አጥፊው። ዓይኗ የለመደው ላይ ነው የሚያርፈው፣ ከስር ያለውን ለማየት ምክንያት የላትም። በየቀኑ 50 ጊዜ መገልበጡም ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ጣት ያደነዝዛል እንጂ ጆሮ ላይ አይደርስም። መምህሯን ግን በዚህ አትጣያት። ሄደሽ «በዚህ ሳምንት የትኛው ድምጽ ላይ ናችሁ? 2 ጊዜ ጽፋ ሌላውን በቃል ብትለው ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂያት። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ይዛ ስንቱን ትየው? የቁቤውንም ነገር ንገሪያት። ምናልባት ጫት ያለችው ልጅሽ ብቻ አትሆንም።

አስጠኚው ይቅር፣ ብርሽን ያዢ።

ሲ ላይ ስትደርሱ ደግሞ አትደብቂያት። «ይቺ ፊደል በአፋን ኦሮሞ ጭ፣ በእንግሊዝኛ ድመቷ ላይ ክ» በያት። አይከብዳትም። ከአንቺ ጋር በአንድ ቋንቋ፣ ደጅ ከጓደኞቿ ጋር በሌላ ስታወራ አይደል የምትውለው?