የማርስ ፎቶዎች ቀለም እውነት ነው ወይ ላሉት ጠያቂ

ጥያቄዎ እንዲህ የሚል ነው፦ «አንዱ የማርስ ፎቶ ቀይ፣ ሌላው ቡናማ፣ ሌላው ቁርጥ የእኛን አገር መሬት ይመስላል። በኮምፒውተር ቀብተውት አይደለም ወይ?» ሐዋሳ ውስጥ የፎቶ ስቱዲዮ አለኝ። ማታ ማታ ደግሞ ናሳ ለሕዝብ የሚለቃቸውን ጥሬ ምስሎች እያወረድሁ ቀለማቸውን አዋሕዳለሁ። የማውቀውን ልንገርዎ።

እ.ኤ.አ. በ2004 ማርስ ላይ ያረፉት ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ የተባሉት ሮቨሮች (በጎማ የሚሄዱ ሮቦቶች) ዋና ካሜራቸው የሚያነሳው በጥቁርና ነጭ ነበር። አንዱኑ ቦታ ማጣሪያ፣ ማለትም የተወሰነ ቀለም ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ መስታወት፣ እየለዋወጠ ደጋግሞ ያነሳል፤ ቀለሙ የሚገኘው ምስሎቹ ምድር ደርሰው ሲደራረቡ ነው። እኔም የቀዩን፣ የአረንጓዴውንና የሰማያዊውን ማጣሪያ ምስሎች ሳደራርብ ግራጫ የነበረው አፈር የዝገት መልክ ይዞ ብቅ ይላል። ዛሬም ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ብዙ ሰው የተጠራጠረውም በእነዚሁ ሮቨሮች ጊዜ ነው። በላያቸው የፀሐይ ሰዓት የሚመስል ማመሳከሪያ ሰሌዳ ተገጥሟል፤ መሐሉ ላይ ግራጫ ቀለበቶች፣ በአራቱ ማዕዘን ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቢጫ ቀለሞች አሉት። በአንዳንድ ፎቶዎች ላይ ሰማያዊው ማዕዘን ሮዝ ሆኖ ታየ። «ይኸው ተያዙ!» ተባለ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፦ ተመራማሪዎቹ የድንጋዮቹን ማዕድን ለመለየት ሲሉ በቀዩ ማጣሪያ ፈንታ የሚያሳልፈው ብርሃን የሞገድ ርዝመት 753 ናኖሜትር የሆነውን፣ ዓይናችን ከሚያየው ቀይ ያለፈውን የኢንፍራሬድ ማጣሪያ ተጠቅመው ነበር። ያ ሰማያዊ ቀለም ደግሞ ኢንፍራሬድን አጥብቆ ያንጸባርቃል። እንግዲህ ሮዝ ሆኖ መታየቱ ካሜራው በትክክል ለመለካቱ ማስረጃ ነው።

የእኛን አገር መሬት የሚመስሉት ፎቶዎች ምክንያታቸው ሌላ ነው። ሐይቁ ዳር ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሙሽራ ስናነሳ ነጩ ቀሚስ ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል፤ የቀለሙን ሚዛን አስተካክለን ወደ ነጭነቱ እንመልሰዋለን። የኪዩሪዮሲቲ ሮቨር ባለሙያዎችም እንደዚሁ የፎቶውን ሚዛን ወደ ምድር ብርሃን ያመጡታል፤ ጂኦሎጂስቶች ድንጋዩን እዚህ በለመዱት መልክ እንዲለዩት ነው። ያን ጊዜ የማርስ ሰማይ ወደ ሰማያዊ ሊያደላ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1976 ማርስ ላይ ያረፈችው የቫይኪንግ 1 መንኮራኩር የመጀመሪያው የቀለም ፎቶ ሲቀናበርም ሰማዩ ሰማያዊ መስሎ ወጥቶ ነበር፤ ሲስተካከል ግን ወደ ሮዝ የሚያደላ ሆነ፤ አየሩ ብረት ያዘለ ደቃቅ አቧራ አይለየውምና። የሚገርመው፣ እዚያ በእውነት ሰማያዊ የሚሆነው የምትጠልቀው ፀሐይ ዙሪያ ያለው ሰማይ ነው። ያው ደቃቅ አቧራ ሰማያዊውን ብርሃን ወደ ፊት አሳልፎ ይበትነዋል።

የሚያናድደኝ ፎቶዎቹ በየቴሌግራሙ ሲዞሩ መግለጫቸው ተቆርጦ መሆኑ ነው። በመግለጫው ላይ «የተፈጥሮ ቀለም» ወይም «የተጋነነ ቀለም» የሚል ተጽፎ ነበር። መግለጫ ካጡ ሰሌዳው የሚታይበትን ምስል ይፈልጉ፦ አቧራ ካልሸፈናቸው በቀር፣ ቀለበቶቹ ጥርት ያለ ግራጫ ከሆኑ ሚዛኑ ወደ ምድር ብርሃን ተመልሷል፤ ወደ ብርቱካናማ ካደሉ የሚያዩት የማርስን የራሷን ብርሃን ነው።