ጀሪካን ውስጥ ያደረው ውሃ

አቃቂ ወንዝ ዳር ሰላጣና ቆስጣ የሚያለሙ አንድ አባት እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ «አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በእጅ በምትያዝ ትንሽ መሣሪያ ውሃዬን ለካች። ከቦዩ የቀዳችው ላይ አሲድ ጠብ አድርጋ ስትለካው እርሳስ አለበት አለች። እኔ ማታ ቀድቼ በጀሪካን ያሳደርኩትን ስሰጣት ደግሞ እምብዛም የለበትም አለች። ወንዙ አንድ ነው! መሣሪያው አይረባም ማለት ነው? ሰላጣዬ እኮ ለምለም ነው። ከጥምቀት በኋላ ትመለሳለች፣ ምን ልበላት?»

ጋሼ፣ መሣሪያው አልተሳሳተም። እንዲያውም መድኃኒቱን ነው የነገረዎት።

የመሣሪያው ጫፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ብረት ኦክሳይድ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ያለ ነገር ይቀባል፤ ቅንጣቱ በጣም ደቃቅ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ይጠጋል፣ እነዚህ ግን ከ100 በታች ናቸው። እንዲህ ስለደቀቁ ውሃው ውስጥ የሟሟውን እርሳስና ካድሚየም፣ ሁለቱም ለሰው መርዝ የሆኑ ማዕድናት ናቸው፣ ለቅመው ይይዛሉ። ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ እነዚህን ማዕድናት ስቦ ጫፉ ላይ ይለጥፋቸዋል፤ ከዚያ ቮልቴጁ ቀስ እያለ ሲቀየር እያንዳንዱ ማዕድን በየተራው ይላቀቃል፣ ካድሚየም ቀድሞ፣ እርሳስ ተከትሎ፣ መዳብ ከእነሱ በኋላ። ሲላቀቅ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ መጠኑን ይናገራል።

ልብ ይበሉ፣ መሣሪያው የሚያየው የሟሟውን ብቻ ነው። ጭቃ ላይ የተጣበቀውን አያይም። ጭቃው ላይ ያለውን የሚያላቅቀው አሲዱ ነው። ከቦዩ የተቀዳው ደፍርሶ ነበር፤ ከጀሪካኑ የሰጧት ደግሞ ከላይ ያለውን ጠራ ያለውን ነው ብዬ እገምታለሁ። ትንሽ እርሳስ ጀሪካኑ ላይም ተጣብቆ ሊቀር ይችላል፣ ዋናው ግን ከታች ዘቅጦ ቀርቷል። ስለዚህ የእርስዎ ችግር በብዛት ያለው ደለሉ ውስጥ ነው። ከተማው ሙሉ ከላይዎ ነው፣ ጋራዡም፣ ፋብሪካውም፣ የተጣለው ባትሪም፣ እና እርሳስ ከደለል ጋር መጣበቅ ይወዳል።

እንግዲህ ጀሪካኑ የሠራውን ሥራ በጉድጓድ ይሥሩት። ቦዩ ማሳዎ ከመድረሱ በፊት 4 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፍሩ። ዶማና አካፋ፣ የጥቂት ቀን ጉልበት፣ ሌላ ወጪ የለውም። ወደ 8,000 ሊትር ይይዛል፤ የታችኛውን ለደለል ብንተወው እንኳ 1,000 ካሬ ለሚሆን መደብ የአንድ ቀን ውሃ አያንስም። የእናንተ ጥቁር አፈር አንዴ ከራሰ ውሃ ይይዛል፣ ፕላስቲክ አያስፈልገውም። ውሃው ሲገባ እንዳያናውጠው መግቢያው ላይ ድንጋይ ይደርድሩ። ማታ ይሙሉት፣ ይደር፣ ጠዋት ያጠጡ።

ሞተሩ ከታች ከሳበ ግን ድካምዎ ሁሉ ከንቱ ነው። የመሳቢያውን ጎማ አፍ ባዶ ጀሪካን ላይ ይሰሩት፤ ጀሪካኑ ይንሳፈፋል፣ የጎማው አፍ ከውሃው ፊት አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። የታችኛው ግማሽ ሜትር ሲቀር ያቁሙ። ውሃው እንደ ምንጭ ጥርት አይልም፣ ምክንያቱም ጥቁር አፈር ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ አይዘቅጥም፣ ግን ከባዱ ደለል ይቀርልዎታል። የተጠራቀመውን ዝቃጭ በየሳምንቱ ይጥረጉ፤ ማሳ ላይ ግን እንዳይበትኑት፣ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድም ርቆ ይቀበር። ደግሞ አደራ፣ ልጆች እንዳይገቡበት ዙሪያውን በእሾህ ይጠሩት።

አሁን አንድ ነገር ልቆጣዎት። በዚያ ወንዝ ዳር ባለፍኩ ቁጥር የማየው ነው፦ ሰላጣው ተነቅሎ፣ ታስሮ፣ ወደ ገበያ ከመጫኑ በፊት እዚያው ወንዙ ውስጥ ነክረው ያጥቡታል። እንዲያብረቀርቅ ነው፣ ይገባኛል፣ ገዢ የሚያየው ፊቱን ነው። ግን ንጹሑን ቅጠል በደለል መልሶ መቀባት ነው እኮ! ሰላጣ ደግሞ ጥሬው ይበላል። ቆስጣውንም መቀቀል እርሳስን አያጠፋውም። እባክዎ፣ ወይ በቧንቧ ውሃ ያለቅልቁት፣ ወይ ጉድጓዱ ውስጥ ካደረው ጠራ ካለው ውሃ በባልዲ ቀድተው።

«ለምለም ነው» ያሉት ያሳስበኛል። ሰውን የሚጎዳ ካድሚየም የያዘ ሰላጣ ለምለም ሆኖ ሊታይ ይችላል፣ ዓይን አይለየውም። ካድሚየም ደግሞ ከእርሳስ ይልቅ ውሃው ውስጥ መሟሟት ስለሚቀናው ጉድጓዱ ሁሉንም አያስቀርልዎትም።

ስለዚህ ተማሪዋ ከጥምቀት በኋላ ስትመጣ ከጉድጓዱ ላይኛው ውሃ ሁለት ጊዜ ትለካልዎት፣ አንዱን በአሲድ፣ አንዱን ያለ አሲድ። ካድሚየሙን ለይተው ይጠይቋት። ለመስኖ ውሃ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ካለፈ ሰላጣውንና ቆስጣውን ከዚያ ውሃ ያውጡና ቲማቲም ወይም በቆሎ ይትከሉ፣ ፍሬ ከቅጠል ያነሰ ነው የሚይዘው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ አጽፈው ይላኩልኝ።