የሐይቅ አሳ እያለ አዮዲን ያለው ጨው ለምን ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ሲሆን የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የእርግዝና ክትትል የማደርግበት ጤና ጣቢያ ያለችው ባለሙያ አዮዲን ያለው ጨው እንደምጠቀም ስትጠይቀኝ፣ እሽጉ ላይ ተጽፎ ስለማይ «አዎ» አልኳት። ይሁን እንጂ አማቴ ጨው ሳይታጠብና ፀሐይ ላይ ሳይሰጣ ወጥ ውስጥ አይገባም ባይ ናቸው። «ሐይቅ ዳር እየኖርን፣ ከአሞራ ገደል አሳ እየገዛን የምን አዮዲን ነው?» ይላሉ። እሳቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ እንቅርት አለባቸው፤ የደም ግፊት ስላለባቸውም ጨው እንዲቀንሱ ታዘዋል። ይህ ጨው እንቅርታቸውን ያጠፋላቸዋል? ለእኔስ ይበቃኛል?

መልስ፦ አሳ የአዮዲን ምንጭ ነው ሲባል የሚነገረው በዋናነት ስለ ባሕር አሳ ነው። ቆሮሶና አምባዛ የሐይቅ አሳዎች በመሆናቸው የሚሰጡት አዮዲን ከባሕር አሳው በእጅጉ ያነሰ ነው። ጥሩ ፕሮቲን ስላላቸው መመገብዎን ይቀጥሉ፤ ለአዮዲን ሲሉ ግን አይመኩባቸው። በእህልና በአትክልት ውስጥ ያለው መጠን ደግሞ በበቀሉበት አፈር ስለሚወሰን፣ ዝናብና ጎርፍ ለዘመናት ባጠበው መሬት ላይ የሚበቅለው ሰብል አዮዲን ያንሰዋል። በርካታ የአገራችን አካባቢዎች እንቅርት የበዛባቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

አዮዲን በጨው በኩል እንዲደርሰን የተደረገው ሀብታሙም ድሃውም በየቀኑ የሚቀምሰው ጨው ስለሆነ ነው። ቀድሞ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ይመጣ የነበረው ጨው አዮዲን ይጨመርበት ነበር፤ ምንጩ ወደ አፋር፣ በተለይም ወደ አፍዴራ ሲዞር አሠራሩ ለዓመታት ተቋረጠ። በ2003 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ 15 በሚሆኑ ቤቶች ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ 89 በመቶ ደረሰ። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን በእሽጉ ላይ የተጻፈው አዮዲን ወጡ ውስጥ እስኪደርስ ድረስ መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል፤ በእርስዎ ቤት የሚሆነውም ይኸው ይመስለኛል።

ወደ ጨው የሚጨመረው የአዮዲን ውህድ በውሃ የሚሟሟና በጨዉ ቅንጣት ላይ የሚቀመጥ በመሆኑ፣ ጨዉ ሲታጠብ ከቆሻሻው ጋር አብሮ ይፈስሳል። የተረፈውንም ፀሐይ፣ እርጥበትና ሙቀት ይቀንሱታል። አማትዎ ጨው የሚያጥቡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገበያ ላይ አሸዋና አፈር የተቀላቀለበት ጨው የምናይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በንጹሕ የታሸገ ጨው ይግዙላቸው፤ እሱ ከታጣ ጨዉን በንጹሕ ውሃ አሟሙተው፣ አፈሩ ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን የጠራ የጨው ውሃ ወጥ ላይ ይጨምሩ፤ አዮዲኑ እዚያው ውሃው ውስጥ ይቀራልና። ጨዉን ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ከምድጃው ራቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ ወጥ ውስጥም ሊወጣ ሲል ይጨምሩት።

ስለ ጨው መቀነስ የተነሳው ጥያቄ ብዙዎችን ያደናግራል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲጠቀም ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። በኪሎ 30 ሚሊ ግራም አዮዲን ያለው ጨው ከሆነ 5 ግራሙ 150 ማይክሮ ግራም ይይዛል፤ ለአንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። አማትዎ ከዚህ አሳንሰው የሚጠቀሙ ከሆነ ወተትና እንቁላል ያግዟቸዋል። ለአዮዲን ተብሎ ጨው አይበዛም።

የእርስዎ ሁኔታ ግን ይለያል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በቀን 250 ማይክሮ ግራም ያስፈልጋታል። የፅንሱ ታይሮይድ ዕጢ (አንገት ላይ ያለው፣ ሲያብጥ እንቅርት የሚባለው ዕጢ) እስከ እርግዝናው አጋማሽ ድረስ በቂ ሆርሞን ስለማያመርት አንጎሉ የሚገነባው ከእናቱ በሚያገኘው ሆርሞን ሲሆን፣ እናትየው ያንን የምትሠራው በአዮዲን ነው። ከባድ እጥረት ውርጃን፣ ሙት ልጅ መውለድንና ኋላ ሊስተካከል የማይችል የአእምሮ ዕድገት መዘግየትን ያስከትላል። ብዙ እናቶች በክትትል የሚሰጣቸው የአይረንና የፎሊክ አሲድ እንክብል ይህንንም የሚሸፍን ይመስላቸዋል፤ አዮዲን ግን የለበትም። ተጨማሪ አዮዲን ያስፈልግዎ እንደሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ባለሙያዋን ይጠይቁ፤ ጨዉ ቤት ውስጥ ሲታጠብ መቆየቱንም አብረው ይንገሯት፤ ውሳኔዋን ሊለውጠው ይችላል። ካሳቫ በብዛት የምትመገቡ ከሆነ በደንብ ተዘጋጅቶና ተቀቅሎ ይሁን፤ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ታይሮይድ አዮዲን እንዳይወስድ ይሻማል። ጎመን ግን በተለመደው መጠን ተቀቅሎ ሲበላ አያሳስብም።

የአማትዎ እንቅርት ለብዙ ዓመታት የቆየና እብጠቱም የጠጠረ ከሆነ በጨው አይጠፋም፤ ጨዉ በይበልጥ የሚጠቅመው እንቅርት እንዳይወጣ ለመከላከል ነው። እንዲያውም እንዲህ ያለ የቆየ እንቅርት ባለባቸው አረጋውያን ዘንድ አዮዲን በድንገት ሲጨምር ዕጢው ከልክ በላይ ሆርሞን የሚያመርትበት አጋጣሚ አለ። ይህ ለቤተሰቡ አዮዲን ያለውን ጨው ለመከልከል ምክንያት አይሆንም፤ ነገር ግን የልብ ምታቸው ከፈጠነ፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ ወይም ሳይታወቃቸው ከከሱ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ ከተቸገሩ፣ ድምፃቸው ከጎረነነ ወይም እብጠቱ በፍጥነት ካደገም እንዲሁ። ምልክት ባይኖራቸው እንኳ አንድ ጊዜ የታይሮይድ የደም ምርመራና የአንገት አልትራሳውንድ ቢደረግላቸው መልካም ነው። ለቁስል የሚቀባውን አዮዲን ጠብታ በውሃ በጥብጠው እንዲጠጡ የሚመክራቸው ሰው ካለ ግን አይስሙት፤ በጠብታው ውስጥ ያለው መጠን ለዕለት ምግብ ከሚያስፈልገው በብዙ እጥፍ የበለጠ ነው።