ነፋስ ናፍጣን ይተካል? ከጅማ የምትጠይቁ ጠይቁ

አዳማ የነፋስ ማመንጫ ላይ ስድስት ዓመት በጥገና ሠርቼ አሁን ጅማ ገብቻለሁ። ዛሬ ማታ ጊዜ አለኝ። ስለ ቅጥር አትጠይቁኝ።

የአጋሮው፦ ጋሼ፣ ነፋስ ከውጭ የምናስገባውን ነዳጅ ያስቀርልናል?

መልስ፦ በቀጥታ አያስቀርም። መብራታችን በአብዛኛው የሚመጣው ከውሃ ነው፤ ደጃችን ያለው ግልገል ግቤ አንድ እንኳ 184 ሜጋ ዋት ነው። በጅቡቲ በኩል የሚገባውን ናፍጣ የሚጨርሰው መኪናው ነው። ነፋስ ናፍጣን የሚነካው መኪናው ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞር ነው። የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. መከልከሉን ከዚህ ጋር አያይዛችሁ እዩት።

ባለ ባጃጅ፦ ውሃ ካለን ታዲያ ነፋስ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ይህ ነው ጥያቄ! ክረምት ግድቡን ይሞላል፤ በጋ ላይ ወንዙ ይጎድላል። አዳማ ላይ ነፋሱ የሚበረታው በአብዛኛው በበጋ ነው። ተርባይኑ፣ ማለትም በነፋስ የሚዞረው ማመንጫ፣ ሲዞር በግድቡ በኩል ውሃ ይቆጠባል፤ ነፋሱ ሲተኛ የተቆጠበው ይለቀቃል። ሌላው አገር ለዚህ ውድ ባትሪ ይገዛል፣ እኛ ግድቡ አለን። አዳማ አንድና ሁለት ተደምረው 136 ተርባይን፣ 204 ሜጋ ዋት ናቸው፤ መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ ደግሞ 120።

ነጋዴው፦ የጊቤን ዳገት ጭኖ በባትሪ የሚወጣ መኪና አይቼ ልሙት!

ባለ ባጃጅ፦ ቁልቁለቱ ላይ መልሶ ይሞላል እኮ።

ነጋዴው፦ መብራት በጠፋ ቀንስ በምን ትሞላዋለህ?

መልስ፦ ከቁልቁለቱ የሚመለሰው ዳገቱ ከበላው ያንሳል። የመብራት መጥፋቱ እውነት ነው፤ ግን የመስመርና የትራንስፎርመር ጣጣ ነው። ወደ ነፋሱ ተመለሱ።

የሰቃው፦ ቡና መፈልፈያዬ በናፍጣ ሞተር ነው የሚሠራው። ጣሪያው ላይ ትንሽ ተርባይን ልትከል?

መልስ፦ ነፋስህን ለክተሃል? አልለካህም። ፍጥነቱ በግማሽ ሲወርድ ጉልበቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። የጅማን የማታ የኩሽና ጭስ አይተኸዋል? ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። በዚያ ላይ የቡናው ጥላ ዛፍ ያለችውን ነፋስ ሰብሮ ያሽከረክራታል። ጣሪያ ላይ የተተከለ ተርባይን ቤቱን ከማንቀጥቀጥ አያልፍም። መጀመሪያ ለኩ! ተርባይኑ ነፋስ ባለበት ይተከል፣ ጉልበቱ በመስመር ይምጣልን።

አዲስ ገቢ፦ ነፋስ ነዳጅን ይተካል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

የአጋሮው፦ አንድ ተርባይን ስንት ብር ነው?

መልስ፦ የቱ? የስንት ኪሎ ዋት? የት የሚተከል? ሳይለኩ ዋጋ የለም።

የሰቃው፦ እሺ ጋሼ፣ ጣሪያውን ተውኩት። መስመሩ እኮ ከመፈልፈያው 300 ሜትር ላይ ያልፋል።

መልስ፦ ይህን ቀድመህ አትናገርም! ናፍጣህን የሚያስቀርልህ እሱ ነው፤ የናፍጣውን ሞተር በኤሌክትሪክ ሞተር ትቀይረዋለህ። ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ በጨርቅ ጥረግና ስንት የፈረስ ጉልበት እንደምትል ጻፍልኝ። መስመሩ ባለ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ትልቅ ሞተር የሚያስነሳው ዓይነት፣ መሆኑንም እይ።